የተኮላሹ ጥንቸሎችን ማላመድ፦ ከሐኪም ቤት እስከ አንድ ቤት

«ተኮላሽተዋል፤ እንግዲህ አይጣሉም» ተብሎ ሁለት ጥንቸል አንድ ኬጅ ውስጥ ይከተታል። በማግሥቱ የአንዱ ጆሮ ተቀድዶ፣ የሌላዋ ጀርባ ተነጭቶ ይገኛል። ባለቤቱም «እነዚህ አይዋደዱም» ብሎ ይደመድማል። ጥንቸሎቹ ግን አልተጠላሉም። ያጣላቸው ቦታ ነው።

ጥንቸል ቦታዋን ጠባቂ ናት። ቦታዋን የምታውቀው ደግሞ በጠረን ነው። አገጯን ዕቃ ላይ ታሻለች፣ ሽንቷን ትረጫለች፣ በጠጧን ትበትናለች። ይህ ሁሉ «እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ» ማለቷ ነው። ሌላ ጥንቸል ዘሎ መሃል ሲገባባት ትከላከላለች። ቀዶ ሕክምናው መውለድን ያቆማል፣ የሆርሞኑንም ግለት ቀስ እያለ ያበርዳል። ቦታው የማን እንደሆነ ግን አይወስንም። ያንን የምንወስነው እኛ ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስትሠሩ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ አሁን ያሉበት ቦታ የማን ነው?

የምጽፈው ሐዋሳ ላይ ሆኜ ነው። ግቢው፣ መኖውና ሙቀቱ የዚህ ከተማ ነው። አዳማ ላላችሁም ያው ነው፤ ሙቀቱ ላይ ብቻ የበለጠ ተጠንቀቁ።

ማን ከማን ጋር?

በጣም የሚሳካው ጥንድ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነው፤ ሁለቱም ተኮላሽተው። አብረው ያደጉ ወንድማማቾችም በጊዜ ከተኮላሹ ይስማማሉ። ሁለት ሴቶችም ይቻላል፤ ግን ሴት ጥንቸል ቦታዋ ላይ ከወንዱ ይልቅ ኃይለኛ ስለሆነች ጊዜ ይፈልጋል። የማይተዋወቁ ሁለት ትልልቅ ወንዶችን ለጀማሪ አልመክርም።

ወንዱ ቆለጡ ከወረደ በኋላ፣ ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ ሊኮላሽ ይችላል። ሴቷን ብዙ ሐኪሞች 6 ወር አካባቢ መሥራት ይመርጣሉ። ሆዷ ተከፍቶ ማሕፀኗ ስለሚወጣ የሷ ከባድ ነው። ጥቅሙም ትልቅ ነው። ያልተሠራላት ሴት ዕድሜዋ ሲገፋ የማሕፀን ካንሰር በብዛት ይይዛታል። ደግሞም ሳታረግዝ ያረገዘች እየመሰላት ፀጉሯን እየነጨች ጎጆ ትሠራለች፤ በዚያን ሰሞን ማንንም አታስጠጋም።

የሴቷን ቀዶ ሕክምና በልምድ የሚሠራ ሐኪም ካላገኛችሁ ወንዱን ብቻ ማኮላሸትም ትልቅ ነገር ነው። መውለዱ ይቆማል። ማላመዱ ግን ይረዝማል፤ ሴቷ በየጊዜው ስትቆጣ ለመለየት ተዘጋጁ።

ሐኪሙን ምን እንጠይቀው?

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ስለሆነ ከዚያ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ማንም ይሁን ማን፣ «ጥንቸል ሠርተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አይቀየማችሁም፣ እናንተም አትፈሩ። ጥንቸልን ማደንዘዝ ውሻና ፍየል እንደማደንዘዝ አይደለም፤ አደጋው ይበዛል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ወንዱ ነው። የወንድ ጥንቸል ቆለጥ የሚወርድበትና የሚመለስበት መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ክፍት ነው። ከተኮላሸ በኋላ አንጀቱ በዚያ እንዳይወጣ ሐኪሙ መዝጋት አለበት። «እንዴት ነው የምትዘጋው?» ስትሉት ወዲያው ከመለሰላችሁ ሥራውን ያውቃል።

ሦስተኛ፦ «ከማታ ጀምሮ ምግብ ከልክሏት» ከተባላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ጥንቸል ማስመለስ ስለማትችል እንደ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ መጾም የለባትም። አንጀቷ ሥራ ካቆመ ለሕይወቷ ያሰጋል። እንዲያውም የለመደችውን ሣርና ድርቆሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትነቃ ከፊቷ ይሁን። ለቤት የሚሆን የሕመም ማስታገሻም ሳትይዙ አትውጡ። ያመማት ጥንቸል አትበላም። አለመብላቷ ደግሞ ከቁስሉ በላይ ይጎዳታል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ለየብቻ አስቀምጧቸው። ጸጥ ያለ፣ ንፋስ የማይገባበት፣ ንጹሕ ጨርቅ የተነጠፈበት ቦታ ይበቃል። ሰጋቱራው ቁስል ላይ ስለሚለጠፍ ለዚህ ሰሞን ይቅር። መብላታቸውንና በጠጥ መጣላቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ያልቀመሰች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል «ነገ ትሻላለች» ተብላ የምታድር አይደለችም፤ ወደ ሐኪም ይዛችሁ ሩጡ።

ቁስሉን ጠዋትና ማታ እዩ። ማበጥ፣ መግል፣ የላላ ስፌት ካለ አሳዩ። ሐዋሳ ላይ ዝንብ አይጠፋም። ዝንብ እርጥብ ቁስል ላይ ወይም በሽንት የራሰ ፀጉር ላይ እንቁላል ከጣለ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። በርና መስኮቱን በመጋረጃ ከልሉ፤ የነጠፋችሁትን ጨርቅ በየቀኑ ቀይሩ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን በውኃ በጥብጣችሁ በአፍ እንዳትሰጡ። ለሰው ደግ የሆነው መድኃኒት የጥንቸልን አንጀት የሚያሠሩትን ተህዋስያን ጨርሶ ይገድላታል። ለውሻ ቁንጫ የሚደረገው ፊፕሮኒልም ለጥንቸል መርዝ ነው። ሐኪም ካላዘዘ ምንም አይሰጥ።

መቼ እንጀምር?

ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላል። በሰውነቱ የቀረ ዘር ስላለ ነው። ያልተሠራላት ሴት አጠገብ ካለች ከዚህ ቀድሞ እንዳይነካት። ጥንቸል የምታረግዘው ለአንድ ወር ገደማ ብቻ ነው፤ በወለደች ቀን እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። በአንድ ቀን መዘናጋት ግቢ ሙሉ ግልገል ይመጣል።

የሴቷ ስፌት በሁለት ሳምንት አካባቢ ይድናል። ሆርሞኗ እስኪረጋጋ ግን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። አቆጣጠሩን ኋላ ከተሠራው ጀምሩ። ወንዱ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ሴቷ ጥቅምት መጨረሻ ከተሠሩ ሁለቱን ፊት ለፊት የምታገናኙት ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ረጅም ይመስላል፤ ግን ዝም ብሎ የሚባክን ጊዜ አይደለም። ቁስላቸው ሲድን የሚቀጥለውን ሥራ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ጎረቤት ማድረግ

ሁለቱን ኬጅ ጎን ለጎን አድርጉ። ሽቦዎቹ አይነካኩ፤ መሃላቸው አራት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ሽቦ ለሽቦ ከተጣበቁ በቀዳዳው አፍንጫና ጣት ይነካከሳሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ የዶሮ ሽቦ በሁለት ድርብ በእንጨት ፍሬም ወጥራችሁ መሃል ላይ ማቆም ይቻላል። ቁመቱ እስከ ደረት ይድረስ፤ ጥንቸል ዝላይ ትችላለች።

መኖውን ወደ ሽቦው አስጠግታችሁ ስጡ። መጀመሪያ ቢፈሩ ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ በየቀኑ እያስጠጋችሁ ሂዱ። አብሮ መብላት ለነሱም እንደኛው ትርጉም አለው። አንዱ ሲበላ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ጥቃት ካልደረሰበት፣ ያ ጠረን ከሆድ መጥገብ ጋር ይያያዛል።

ከዚያ ጠረን ማለዋወጥ ነው። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ወንዱን ወደ ሴቷ ቤት፣ ሴቷን ወደ ወንዱ ቤት አስገቡ። ሳታጸዱ። ቁም ነገሩ እሱ ነው። የሽንት ሳፋውን፣ የተነጠፈውን ጨርቅ፣ ካርቶኑን ሁሉ ይልመዱት። የመጀመሪያ ቀን ሴቷ ሳፋው ውስጥ ቆማ መሬቱን በኋላ እግሯ ትደልቃለች፣ ሽንቷን ዙሪያውን ትረጫለች። አትደንግጡ። ከጥቂት ቅያሬ በኋላ ገብታ ሣሯን መብላት ትጀምራለች። ያኔ ቤቱ የሱም የሷም እየሆነ ነው።

ይህን ደረጃ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት። የምትፈልጉት ምልክት በሽቦው ግራና ቀኝ ተጠጋግተው መጋደማቸውን ነው። በሽቦው ላይ እየዘለሉ ለመናከስ የሚሞክሩ ከሆነ ገና ናቸው፤ ቆዩ።

ደረጃ 2፦ የማንም ያልሆነ ቦታ

ሁለቱም ረግጠውት የማያውቁት ቦታ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሻወር ቤት፣ ባዶ ሰርቪስ ክፍል ወይም በረንዳ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ኮሪደሩን በካርቶን ከልሉት። አንዳቸው አንድ ጊዜ እንኳን የተንሸራሸሩበት ሳሎን አይሆንም፤ ለሰው ሳሎን ነው፣ ለጥንቸሏ ግን ርስቷ ነው።

ስፋቱ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል ቢሆን ደስ ይለኛል። በጣም ከጠበበ መሸሻ ያጣሉ፤ በጣም ከሰፋ መሳደድ ይጀምራሉ። ሴራሚክ ወለል ያንሸራትታቸዋል፤ እግሩ የሚንሸራተት ጥንቸል ደግሞ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ይነክሳል። ከነሱ ያልሆነ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ አንጥፉ።

ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ይሁን። ሁለት ክምር ድርቆሽ፣ ሁለት የውኃ ሳህን፣ ሰፊ የሽንት ሳፋ። ካርቶን ስታስገቡ በሁለት በኩል ቀዳዳ አውጡለት። መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ ውስጥ ያለችው ትታፈናለች፤ ጦርነቱ የሚነሳው እዚያ ነው።

ለራሳችሁ ደግሞ ወፍራም ጓንት፣ ፎጣና የቆሻሻ ማፈሻ አዘጋጁ። ማፈሻዋ ለመጥረግ አይደለም፤ ቢጣሉ መሃላቸው የምትገባዋ እሷ ናት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ሐዋሳ ላይ ቀትር ላይ ጥንቸል ማላመድ አይሞከርም። ጥንቸል ሙቀት አትችልም፤ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ትዕግሥቷም ያልቃል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሻላል። በተፈጥሯቸውም ንቁ የሚሆኑት ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ውሻው በሰንሰለት፣ የጎረቤት ድመት ከበረንዳው ወዲያ ይሁኑ። ሐይቅ ዳር አካባቢ ለምትኖሩ ጦጣ ጣራ ላይ ቢሮጥ እንኳን ሥራችሁ ይበላሻል፤ በር ዝጉ።

ደረጃ 3፦ ፊት ለፊት

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አስገቡ። አንዱ ቀድሞ ገብቶ ጠረኑን እንዲያስቀምጥ አይፈቀድለት። ከዚያ መሬት ላይ አብራችሁ ተቀመጡ። ስልኩን አስቀምጡ። 10 ደቂቃ ይበቃል። እነዚያን 10 ደቂቃዎች ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ።

መልካም የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ አሰልቺ ይመስላል። አንዱ ጥግ ላይ ሣር ይበላል፣ ሌላው ፊቱን ይታጠባል። «ምንም አልተፈጠረም» ብላችሁ አትዘኑ። ጥንቸል ጠላቷ አጠገብ ቆማ ፊቷን አትታጠብም። እርስ በርስ አለመተያየታቸው ጥሩ ጅምር ነው።

ቀጥሎ መውጣት ይመጣል። አንዱ በሌላዋ ጀርባ ላይ ይወጣል። ተኮላሽተውም ቢሆን ያደርጉታል፤ ሴቷም ወንዱ ላይ ትወጣለች። ይህ «ማን ይቅደም» የሚለውን መለየት ነው። ከታች ያለችው ዝም ካለች ጥቂት ሰኮንድ ተዉት፣ ከዚያ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ከታች ያለችው ዞራ ልትነክስ ካለች ወዲያውኑ አውርዱ። በፊት በኩል፣ ጭንቅላቷ ላይ ከወጣ ግን ለአፍታም አትታገሡ። ከታች ያለችው ብልቱን ልትነክሰው ትችላለች፤ ጉዳቱም የማይጠገን ነው።

መሳደድም ይኖራል። አጭር፣ ሁለት ሦስት ዝላይ የሆነ፣ የሸሸችው ቆማ መብላት የምትቀጥልበት ከሆነ ተዉት። ፀጉር ትንሽ ቢነጭም አትደናገጡ። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ጆሮ ወደ ኋላ ተጣብቆ፣ ጭራ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሰውነት እንደ ቀስት ተወጥሮ ካያችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ውርወራ ነው። ማጉረምረምም ከሰማችሁ እንደዚያው። ከሁሉ የከፋው ክብ እየሠሩ አንዱ የአንዱን ጭራ እያሳደደ መዞር ነው። ከዚያ በአንድ ቅጽበት ተጠቅልለው ይጣላሉ። መዞሩ እንደተጀመረ ማፈሻዋን መሃል አስገቡ።

ከተጣሉ ባዶ እጃችሁን አታስገቡ። የጥንቸል ጥርስ ጣት ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ያኔ ማንን እንደሚነክስ አያይም። ፎጣውን ወርውሩባቸው ወይም ማፈሻዋን አስገቡ፣ ከዚያ በጓንት ለዩ። አትጩኹ፤ ጩኸት ያባብሳል። ከለያያችሁ በኋላ ፀጉሩን እየገለጣችሁ ቆዳውን ሁሉ ፈትሹ። የጥንቸል ንክሻ ላይ ላዩን ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ከሥሩ መግል ይቋጥራል። ደም ካያችሁ ሐኪም ያየው፣ ማላመዱም ቁስሉ እስኪድን ይቁም።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልምጣ። የኔዎቹ ቡላና ዳማ ናቸው፤ ቡላ ነጭ ሴት፣ ዳማ ቀላ ያለ ወንድ። አንድ ጠዋት ቡላ ሄዳ ዳማ ፊት ተኛች፣ አገጯን መሬት ላይ አስተኝታ ጭንቅላቷን ወደ አፍንጫው ገፋች። ይህ «ላሰኝ» ማለት ነው። ዳማ ግን እሱም አገጩን አስተኛ። ሁለቱም ግንባር ለግንባር ተጋጥመው «አንተ ጀምር፣ አንቺ ጀምሪ» ዓይነት ቆዩ። በመጨረሻ ዳማ ጆሮዋ ሥር ሁለት ጊዜ ላሰ አደረገና ወደ ድርቆሹ ሄደ። ትንሽ ነገር ናት። ግን ከዚያች ቀን በኋላ ነው ሥራው የቀለለው።

እንዲህ ያለውን ስታዩ በእጃችሁ ልታግዙ ትችላላችሁ። ሁለቱም አገጫቸውን ካስተኙ አንድ እጃችሁን በአንዱ፣ አንዱን በሌላዋ ግንባር ላይ አድርጋችሁ አብራችሁ እሹ። እያንዳንዳቸው የተላሱ ይመስላቸዋል። አንዱ ብቻ ሲጠይቅ ሌላው ሲያጉረመርም ከታያችሁም ይህ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ደረጃ 4፦ ጊዜውን ማስረዘም

በየቀኑ አገናኟቸው። ከ10 ደቂቃ ወደ 20፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ሰዓት። ሁልጊዜ ሰላም ሳሉ ጨርሱ። «ትንሽ ልጨምር» ያላችሁባት ደቂቃ ናት ብዙ ጊዜ የምታበላሸው። ጠብ ሊነሳ ነው ብላችሁ በጠረጠራችሁበት ሰዓት ከለያችኋቸው ግን ያንን ነው ይዘውት የሚሄዱት። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት የድንብላል ቅጠል ወይም በሶብላ በተን አድርጉላቸው። ጎን ለጎን ሲበሉ አንሷቸው።

ሰዓታት አብረው መቆየት ሲጀምሩ ቦታውን ትንሽ ትንሽ አስፉት። በአንድ ጊዜ ብዙ አትክፈቱ፤ አዲስ ቦታ አዲስ ባለቤትነት ያስነሳል። ጠብ ከመጣ አንድ ደረጃ ተመለሱ። አንዳንድ ጥንዶች በሁለት ሳምንት ይጨርሳሉ፣ አንዳንዶቹ ወራት ይፈጃሉ። የጎረቤት ጥንቸሎች ፈጥነው ተላመዱ ብላችሁ የራሳችሁን አታጣድፉ።

ባጃጅ ውስጥ ወይም ጠባብ ሳጥን ውስጥ አድርጎ በማንገጫገጭ ማቀራረብ የሚመክሩ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። «ሲፈሩ ይጠጋጋሉ» ይላሉ። ይጠጋጋሉ፤ ግን ፍርሃት ነው። የፈራ ጥንቸል አንጀቱ ሥራ ሊያቆም እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ደረጃ 5፦ አንድ ቤት

ሙሉ ቀን በሰላም ከዋሉ ሌሊቱን አብረው ማደር ይቀራቸዋል። ያን ሌሊት እዚያው ገለልተኛው ቦታ ላይ አድርጉት፣ እናንተም የሚሰማ ርቀት ላይ ተኙ። አንድ ቀን ተኩል ወይም ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ጠብ ከቆዩ፣ አብረው ከበሉ፣ ተደግፈው ከተኙ ወደ ቋሚ ቤታቸው ይግቡ።

ቤቱ ከቀድሞዎቹ የአንዱ እንዳይሆን። አዲስ ከተሠራ በጣም ጥሩ ነው። ካልሆነ በአቼቶና በውኃ አጥባችሁ፣ የዕቃውን ቦታ ሁሉ ቀያይራችሁ አድርቁት። በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሱ፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ፣ ለናንተም ለነሱም መጥፎ ነው። የሽንት ሳፋው ውስጥ ሰጋቱራ ስታደርጉ የጥድ አይሁን፤ ጠረኑ ይከብዳቸዋል። ጋዜጣ አንጥፎ ድርቆሽ ከላይ ማድረግም ይበቃል።

ቤቱ ሁለቱ ተዘርግተው የሚተኙበት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚዘሉበት ይሁን። በሌሊት ውጭ የሚያድር ከሆነ የታችኛውም ጎን በሽቦ ይሸፈን፤ ሸለምጥማጥ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋል። ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ስትለቋቸው ጭልፊትና የመንደር ውሻ አትርሱ።

በበጋ፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙና በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጎናቸው አስቀምጡ። አንድ ሳይሆን ሁለት። አንድ ከሆነ በእሱም ይጣላሉ። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ጆሯቸውን በረጠበ ጨርቅ ዳበስ ማድረግ ይረዳል፤ ሙቀታቸውን የሚያወጡት በጆሯቸው ነው።

ምግባቸው ዋናው ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አይቋረጥ። የስኳር ድንች ሐረግና የካሮት ቅጠል እዚህ እንደልብ ስለሚገኝ ይጨመርላቸው። ካሮቱ ራሱ ስኳር ስላለው በቁራጭ ብቻ። የአቮካዶ ቅጠልም ፍሬም ግን ፈጽሞ አይቅመሱ፤ ለጥንቸል መርዝ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ ካለ ከሥሩ አትልቀቋቸው፣ የወደቀውንም ቅጠል ጥረጉ።

ባይሳካስ?

ጥቂቶች አይስማሙም። ደም ያፋሰሰ ጠብ ከመጣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለይታችሁ እንደገና ከጎረቤትነት ጀምሩ፤ የመገናኛውንም ቦታ ቀይሩ። ደጋግማችሁ ሞክራችሁ አሁንም ከተናከሱ በሽቦ ተለያይተው ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ በሽቦው ግራና ቀኝ ይጋደማሉ። አንዳቸውም ብቻቸውን አይሆኑም፤ አንዳቸውም አይቆስሉም። በግድ አንድ ላይ ከማኖር ይህ በብዙ ይሻላል።

ለተላመዱት ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ አትለያዩዋቸው። አንዱ ሲታመም ሁለቱም ወደ ሐኪም ይሂዱ፣ በአንድ ካርቶን፣ በአንድ ባጃጅ። አንዱ ብቻውን ሄዶ ከተመለሰ የመድኃኒትና የሌላ እንስሳ ጠረን ይዞ ይገባል፤ የቀረችው እንደ ባዕድ ልትቀበለው ትችላለች። አንዱ እዚያ እንዲያድር ከታዘዘ የጓደኛውን ጨርቅ ከሱ ጋር ላኩለት፣ የሱንም ጨርቅ ቤት ለቀረችው ተዉላት። ሲመለስም በቀጥታ ወደ ቤታቸው አታስገቡት፤ መጀመሪያ ገለልተኛው ቦታ ላይ ለግማሽ ሰዓት አገናኟቸውና ሁኔታቸውን እዩ።